የተወለወለው ጠገራ

በሳተርቢ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ረግረጋማ አገር የሳይለስ ኮውቶርን ቡጢ ከፊቱ ይልቅ ይታወቃል። ድንች የሚለቅመውም ሆነ ከብት የሚነዳው ወይ ራሱ ቀምሶታል፣ ወይ የቀመሰ ዘመድ አለው። አሞስ ፕሪድሞር ግን እስከዚያ ኅዳር ድረስ ነገሩን በወሬ እንጂ በዓይኑ አላየውም ነበር።

አሞስ ድሮ የባቡር ሠራተኛ ነበር። የፉርጎ ማያያዣ ሁለት ጣቶቹን ከቆረጠበት ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእህል ገበያው አዳራሽ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰች ጠረጴዛ ዘርግቶ ይቀመጣል። ሰው አሮጌ ሳንቲሙን ያመጣለታል፤ እሱም የየትኛው ንጉሥ እንደሆነና ስንት እንደሚያወጣ ይነግረዋል። አስተማሪ አልነበረውም። ከቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ አነበበ፤ በቀሩት ጣቶቹ ዳሰሰ፤ ከሁሉም በላይ ግን ሰማ። ሳንቲሙን በጣቱ ጫፍ ላይ ያስቀምጥና ጠርዙን በእርሳስ መታ ያደርገዋል። ከዚያ ቀኝ ጆሮውን አስጠግቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ንጹሕ ብር ይዘምራል፤ ርካሽ ነገር የተቀላቀለበት ግን ያስላል።

ያ ዓመት ሥራ የበዛበት ነበር። በመጪው የካቲት መንግሥት አሮጌውን ፔኒ ሊሽር ነው ተብሎ፣ ሰው ሁሉ የአያቱን ቆርቆሮ አራግፎ ይመጣል። በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ቪክቶሪያ፣ ኤድዋርድና ሁለት ጆርጆች ተደባልቀው ይንኳኳሉ። የአንዱ ፊት ወደ ግራ ከሆነ የተከታዩ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ነገሥታቱ የሚተካቸውን ላለማየት የተማማሉ ይመስላል።

«ያንን ብርቅ የሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ፔኒ አገኘሁት ሚስተር ፕሪድሞር! ሀብታም ሆንኩ!» ትለዋለች አንዷ።

«ሠላሳ ስምንት ነው እመቤቴ። መነጽርዎን ያድርጉና ሀብቱን ለሌላ ቀን ያቆዩት።»

ሁሉንም በትዕግሥት ይሰማል። ሰው ሲነሣም አንድ ቃል ሳይጨምር አይሸኝም፦ «አደራ፣ እንዳትወለውሉት። ጥቁረቱ እድፍ አይደለም፣ ቆዳው ነው።» ይህን ሳይናገር የሸኘው ሰው አልነበረም፤ ከአንድ ሰው በስተቀር።

ሳይለስ ኮውቶርን የመጣው በኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። እንደምን አደርክ እንኳ ሳይል አንዲት የፍላኔል ጨርቅ ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ ስንት ያወጣል፣ ሽማግሌ?»

አሞስ ጨርቁን ገለጠ። ትልቅ የብር ሳንቲም ነበር፤ ጠገራ የሚያክል። መልኩ የርግብ አንገት ይመስል ወደ ሰማያዊ ጠቁሮ፣ ጠርዙ አካባቢ ወይን ጠጅ ሆኗል። በአንዱ ወገን ወጣቷ ቪክቶሪያ ጸጉሯን ተጎንጉና፣ ዘውድ ደፍታ ወደ ግራ ታያለች። በሌላው አራት ጋሻዎች በመስቀል ቅርጽ ተደርድረዋል። በዙሪያው በጥንት የብራና ፊደል የተጻፈ ላቲን አለ። አሞስ ቃሉን ያውቀዋል፤ «አንድ የሆኑትን እግዚአብሔር ይጠብቃቸው» ይላል። ዓመተ ምሕረቱ በቁጥር ሳይሆን በሮማውያን ፊደል ነው የተጻፈው። አጉሊ መነጽሩን አድርጎ ፊደላቱን ሦስት ጊዜ ቆጠራቸው።

ከዚያ ጣቱ ላይ አስቀምጦ መታ አደረገው። ሳንቲሙ ዘመረ። ረጅም ዘመረ።

«የእናትህ ነው?» አለው አሞስ።

«ከልብስ ስፌት ሳጥኗ ውስጥ ነው ያገኘሁት። የጠየቅኩህን መልስ።»

አሞስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሺህ ስምንት መቶ አርባ ሰባቱ ቢሆን ብዙ አለ። ይሄ ግን የሃምሳ ሦስቱ ነው። ሲሠራ አምስት መቶ እንኳ አልሞላም። ለንደን አንድ ገዢ አውቃለሁ፤ ዘጠኝ መቶ ፓውንድ ይከፍልበታል።»

ሳይለስ በልቡ አሰላ። ዘጠኝ መቶ ፓውንድ አዲስ ትራክተር ነው፤ ተርፎም ማረሻ ይገዛል።

«ዊልፍስ?» አለ አሞስ። «እናታችሁ ያላትን ሁሉ ለሁለታችሁ ነው የተወችው። ያውቃል?»

«ዊልፍ ከድንች በቀር ምን ያውቃል? ይሄ በእኔና በአንተ መካከል ይቅር።»

አሞስ መልስ አልሰጠም። በኋላ ያንን ዝምታ ብዙ ጊዜ አሰበው። ያን ጊዜ ግን ለማሰብ ፋታ አላገኘም፤ ከጎኑ ጠረጴዛ ተል የሚባል ተዘዋዋሪ ነጋዴ አንገቱን አስግጎ ሲያዳምጥ ኖሯል።

«ኧረ ይሄ ሽማግሌ ሕልም ነው የሚሸጥልህ፣ ወንድሜ!» አለ ተል እየሳቀ። «እኔ ሰማንያ ልስጥህ። አሁኑኑ፣ እጅ በእጅ።» እጁንም ወደ ሳንቲሙ ዘረጋ።

ሳይለስ የተልን ጸጉር ጨመደደና ፊቱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። አንዴ። ሳንቲሞቹ ዘለሉ። ሁለተኛ ሲያጋጨው ቅርንጫፍ የተሰበረ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። በሦስተኛው ተል መጮኹን ተወ። አረንጓዴው ጨርቅ ጠቆረ፣ የኤልሳቤጥ ስድስት ፔኒዎች ወለል ላይ ተንከባለሉ። ሳይለስ ሰውየውን እንደ ባዶ ጆንያ ለቀቀውና ጠገራውን አነሣ። ደም ነክቶት ነበር። በሱሪው ሊጠርገው ሲል ተወውና በፍላኔሉ ጠቀለለው።

«ገዢውን ጥራው» አለ ለአሞስ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ።» ብሎም ወጣ።

በአዳራሹ ጥግ ሻይ የምትሸጠው ኤፊ ማቦት ፎጣ ይዛ መጣችና የተልን ራስ ቀና አደረገች። ለኤፊ ሰው ሁሉ ዳክዬ ነው፤ የዚያ አገር ሰው እንዲህ ነው የሚጠራራው።

«ቀና በል ዳክዬዬ፣ አትዋጠው፣ ትፋው። ሚስተር ፕሪድሞር፣ ያ ብሩ ውስጥ መዳብ የከተተው ንጉሥ ማን ነበር? ሳንቲሙ ሲያረጅ አፍንጫው ቀልቶ የወጣበት?»

«ስምንተኛው ሄንሪ» አለ አሞስ።

«እንግዲህ ወንድሙን አገኘንለት!»

ሰዎቹ ሳቁ፤ ከፍርሃት በኋላ የሚመጣውን ሳቅ። አሞስም በአንድ እጁ ሳንቲሞቹን እየለቀመ ፈገግ አለ። የአደራውን ቃል ለሳይለስ እንዳልነገረው ትዝ ያለው እቤቱ ደርሶ ካልሲውን ሲያወልቅ ነበር። በማግስቱም ደብዳቤ ለመጻፍ አስቦ፣ «ሳይለስ እንደሆነ አይወለውልም፤ ሳህኑን እንኳ አያጥብም» ብሎ ተወው።

ዊልፍን ግን አላሰበውም።

ዊልፍ የሳይለስ ታናሽ ነው፤ ሠላሳ ዓመቱ። ከወንድሙ በቁመትም በትከሻም ይበልጣል፤ አንድ መቶ ኪሎ ጆንያ እንደ ትራስ ነው የሚያነሣው። ዝም ያለ ነው፤ ቃል ሲፈልግ ሰው ይጠብቀዋል። ቀኝ እጁ እንደ ዛፍ ሥር የተጣመመ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ ሳይለስ ነው በጋሪው መዝጊያ መሐል አድርጎ የደፈጠጠው፤ ፈረሱን አስመለጥክ ብሎ። ለሐኪሙ «አደጋ ነው» ተባለ። እናታቸው ኬዝያም «አደጋ ነው» አለች። አሞስ በጸሎት ቤቱ ከኋላዋ ባለው ወንበር ነበር የሚቀመጠው፤ ድምፅዋ ያን ጊዜ እንደ ቅይጥ ብር እንዴት እንዳሳለ ሰምቷል።

ኬዝያ ኮውቶርን ዕድሜዋን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የጸሎት ቤቱን የናስ መብራቶች ስትወለውል ኖረች። ዊልፍ በተጣመመ እጁ የመወልወያውን ቆርቆሮ ይይዝላታል፣ በደህናው ይወለውላል። «የጌታ ቤት በቆሸሸ ዕቃ አይከበርም» ትለዋለች። ልትሞት ስትል አሞስ ሊጠይቃት ሄዶ ነበር።

«የብር ድምፅ ትሰማለህ ይላሉ» አለችው።

«እንዳቅሚቲ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ዊልፍንም ስማልኝ። እሱ አይጮኽም።»

እሺ አላት። ከሞተች ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት።

ሁለቱ ሳምንት አልቆ ቅዳሜው ደረሰ። የለንደኑ ገዢ፣ ሚስተር አሽኮም፣ በአምስት ሰዓቱ ባቡር እንደሚመጣ ጽፏል። አሞስ አዲስ ጨርቅ አንጥፎ ነበር፤ የአሮጌው ደም በጨውም አልለቅ ብሎ።

ለአምስት ሩብ ጉዳይ ላይ ወንድማማቾቹ ገቡ። የጭነት መኪናቸውን ከአዳራሹ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር አቁመውታል፤ ድንቹን ከሰዓት በኋላ ሊያራግፉ። ሳይለስ ጸጉሩን በውኃ አስተኝቷል። ዊልፍ ከኋላው ነው። ፊቱ የሚስቅ ነበር፤ ስጦታ ደብቆ እንደያዘ ልጅ።

«አሮጌ ሜዳልያ እንሸጣለን ብዬው ነው የመጣው» አለ ሳይለስ በለሆሳስ። «አፍህን ያዝ።»

ጥቅሉን አስቀመጠ። አሞስ እጁን ሲዘረጋ አንድ ሽታ ቀደመው፤ የጸሎት ቤቱ የቅዳሜ ሽታ። ጨርቁን ገለጠው።

ጠገራው እንደ መኪና መስታወት አበራ።

የርግብ አንገቱ ቀለም የለም። ወይን ጠጁ የለም። መቶ አሥራ ሰባት ዓመት በላዩ የተኛው ሁሉ ተፍቆ ሄዷል። አጉሊ መነጽሩን ሲያደርግ የንግሥቲቱ ጉንጭ ድመት የቧጨረው ይመስል በሺህ ቀጫጭን መስመር ተጭሯል፤ በብራናው ፊደላት መካከልም ነጭ የመወልወያ ቅሪት ደርቋል። «አንድ የሆኑትን» የሚለው ላይ ተጋግሮ አየው።

«እንዴ!» አለ ሳይለስ። «እንዲህ ያበራል እንዴ?»

«እኔ ነኝ ሳይ!» አለ ዊልፍ፤ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻለም። «ትናንት አንተ ከብቶቹ ጋ ሳለህ። በእማዬ መወልወያ። ሰውየው ቆሻሻ ነው ብሎ እንዳይንቀን ብዬ።»

ሳይለስ እጁን አነሣ። ዊልፍ እንደ ልማዱ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ። እጁ ግን ወርዶ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገው።

«እንደፈራሁህ ደደብ አይደለህም» አለው።

ዊልፍ ቀና አለ። አሞስ ያንን ፊት ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቶ በሩ የተከፈተለት ሰው ፊት ነበር። አሞስ ሊያየው አልቻለም፤ ወደ ግድግዳው ሰዓት ዞረ። ለአምስት አሥራ ሁለት ጉዳይ።

በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው በር ከፍቶ ይገባና እውነቱን ይናገራል። ያን ጊዜ ይህ ልጅ ይገደላል። እጁን ለፈረስ የደፈጠጠ፣ ለዘጠኝ መቶ ፓውንድ ምን ያደርገው ይሆን?

አሞስ በሳንቲም ላይ ዋሽቶ አያውቅም። ከባቡር ሥራው በኋላ የቀረለት ነገር ቢኖር ይህ ስም ነው። «ጌታ ሆይ» አለ በልቡ፣ «ይህችን ወይ ይቅር በለኝ፣ ወይ ቁጠራት፤ እንደፈቀድክ።»

«ሳይለስ፣ ተሳስቻለሁ።»

«ምኑን?»

«ዓመቱን። ሃምሳ ሦስት ያልኩህ አርባ ሰባት ነው። ዓይኔ ደክሟል። ተራው ነው፤ መቶም አይሞላ። ለለንደኑ ሰው እኔው ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄጄ እነግረዋለሁ፤ እናንተ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። መቶውን ራሴ እሰጣችኋለሁ።»

በሀሳቡ መልካም ውሸት ነበር። ከአፉ ሲወጣ ግን ሌላ ሆነ፤ ቁርጥ ከሁለት ሳምንት በፊት ተል የተናገረውን መሰለ። የሳይለስ ዓይኖች ጠበቡ።

«አሃ። አንተም!»

«ሳይለስ...»

«ትራክተሩን አይቼዋለሁ። በእጄ ዳስሼዋለሁ። አንተና የለንደኑ ሌባ ልትካፈሉት ኖሯል?»

የመጀመሪያው ቡጢ ቀኝ ጆሮው ላይ አረፈ። አሞስ የጸሎት ቤቱ ደወል ራሱ ውስጥ የተመታ መሰለው። ወንበሩ ወደቀ፣ እሱም ወደቀ። ሳይለስ በኮቱ ደረት አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

«ስንት ነው? ስንት ነው በለኝ!»

«አርባ ሰባት ነው» አለ አሞስ።

ሁለተኛው አፉን አገኘው። ጥርስ ምላሱ ላይ ተንከባለለ።

«ስንት?»

«አርባ... ሰባት።»

ሦስተኛው፣ አራተኛው። አሞስ መቁጠር ተወ። ነገሥታቱ ከሳጥናቸው ፈስሰው ከጀርባው ሥር ይቆረቁሩት ነበር። በአንድ ዓይኑ ዊልፍን ያያል፤ ልጁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በተጣመመው እጁ አፉን ይዟል። «አትምጣ» ሊለው ፈለገ። አፉ እሺ አላለውም።

ያዳነው የኤፊ ማቦት ሻይ ነው። ከማፍያው የወጣ አንድ ማሰሮ ሙሉ ይዛ ደርሳ በሳይለስ አንገት ላይ ገለበጠችው።

«ስኳርም ጨምሬበታለሁ፣ ዳክዬ!» አለችው።

ሳይለስ እንደ በሬ አገሳ፤ አሞስን ለቀቀና ሸሚዙን ከቆዳው ላይ እየላቀቀ ዞረ። ልክ በዚያች ሰዓት በሩ ተከፈተ።

ሚስተር አሽኮም ወጣት፣ ቀጭን፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ነው። የተገለበጠ ወንበርና ደም አይቶ ሊመለስ ይገባው ነበር። ግን እንደ ሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ እሱም መጀመሪያ ያየው ብሩን ነው። ጠገራው ከኤፊ ጠረጴዛ ሥር ተንከባልሎ ነበር። በርከክ ብሎ አነሣውና መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ።

«ሚስተር...» አለ አሞስ ከወለሉ። በዓይኑ ለመነው፣ በእጁ ምልክት ሰጠው። የሰውየው ዓይን ግን ያለው መስታወቱ ውስጥ ነው።

«ሃምሳ ሦስት!» አለ አሽኮም። «ልክ ብለዋል ሚስተር ፕሪድሞር፣ የሃምሳ ሦስቱ ነው። ግን... ወይ አምላኬ! ማነው ይህን አረመኔ ሥራ የሠራው? ማነው የወለወለው? ሳይነካ ቢመጣልኝ ዘጠኝ መቶውን ዓይኔን ሳላሽ እከፍል ነበር። አሁን ከሁለት መቶ አላልፍም። የወለወለው ሰው ሰባት መቶ ፓውንድ ነው በጨርቅ ጠርጎ የጣለው!»

ቀና ሲል ማንም እሱን አያይም ነበር። ሰው ሁሉ ሳይለስን ነው የሚያየው።

ሳይለስ ቀስ ብሎ ዞረ። መጀመሪያ አሞስን አየው፤ ሽማግሌው ስለ ምን እንደዋሸ ገባው። ከዚያ ዊልፍን።

«ውጣ» አለው። በሹክሹክታ ነው ያለው። «ወደ መኪናው።»

ዊልፍም ወጣ። የለመደው ነውና፣ ታዞ ወጣ።

አሞስ ሁለት ጊዜ ሊነሣ ሞክሮ በሦስተኛው ተነሣ። ኤፊ ልትይዘው ብትል «ፖሊስ ጥሪ» አላትና ግድግዳውን ይዞ ተከተላቸው። ቀኝ ጆሮው ውስጥ ደወሉ አላቆመም። ከአዳራሹ ጀርባ ያለው የድንጋይ ዳርቻ በዝናብ ርሶ ያንሸራትታል፤ ወንዙ ከሥሩ ቡናማ ሆኖ ይሄዳል።

ሳይለስ ከመኪናው ላይ የጆንያ መንጠቆውን አውርዷል። የእጅ ርዝመት ያለው፣ ጫፉ የሾለ ብረት ነው።

«የትኛው እጅ ነው የወለወለው?»

ዊልፍ ደህናውን እጁን አየ። መልሶ ወንድሙን አየ። «ሳይ፣ አልነገርከኝም እኮ» አለ። «ብትነግረኝ አልነካውም ነበር።»

«የትኛው እጅ ነው አልኩህ!»

መንጠቆው ተወነጨፈ። ዊልፍ ደህናውን ከጀርባው ሸሸገና የተጣመመውን ዘረጋ። ብረቱ መዳፉን በስቶ በወዲያ ወጣ። ዊልፍ አልጮኸም። ሳይለስ ሊስበው ሲል ግን አልተሳበለትም፤ የተጣመሙት ጣቶች ብረቱ ላይ ተዘጉ። ሁለቱ ለአንድ አፍታ እንዲያ ተያይዘው ቆሙ። ከዚያ ዊልፍ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሙን ገፋው።

ተያይዘው ወንዙ ውስጥ ወደቁ።

ዳር ዳሩ ጥልቅ አይደለም፤ ለቁመተ ረጅም ደረት ድረስ ነው። ዊልፍ ነው መጀመሪያ የቆመው። በደህናው እጁ የሳይለስን አንገት ይዞ ከውኃው በታች አደረገው። ሳይለስ ተራገጠ፣ ቧጨረ፣ አረፋ ተፋ። ዊልፍ ክንዱን ዘርግቶ ያዘው፤ ጆንያ እንደሚይዘው፣ ያለ ችኮላ።

«ዊልፍ! ልቀቀው!» ብሎ ጮኸ አሞስ ከዳርቻው።

«ከተነሣ ይገድለኛል» አለ ዊልፍ። እያለቀሰ አልነበረም። የሚያውቀውን ነገር ነው የተናገረው። «ሁልጊዜ ይነሣል።»

ልጁ ያለው ሁሉ እውነት ነው። አሞስ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ቃል ፈለገ፤ ደወሉ አላሰማ አለው። ስለዚህ በድንጋዩ ጫፍ ተቀመጠና ከነቅዳሜ ኮቱ ውኃው ውስጥ ገባ። ብርዱ ጎድኑን እንደ ቢላ ወጋው። ውኃው አንገቱ ድረስ መጣ። እየተንገዳገደ ደረሰና እጁን የዊልፍ ክንድ ላይ አደረገ። አልሳበውም። አደረገው ብቻ።

«እኔ እዚህ ነኝ» አለው። «ሲነሣ ሁለት ሆነን ነው የሚያገኘን። ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር እዚህ መሆን የነበረብኝ፤ ዘገየሁ። ግማሹ ያንተ መሆኑን እያወቅኩ ዝም አልኩ። ወለወልክ እንጂ አልበደልክም። የበደልኩህ እኔ ነኝ። አሁን ልቀቀው፣ ልጄ፤ የእሱን እጅ አትውረስ።»

የሳይለስ እግር መራገጡን ቀንሷል። ዊልፍ የሽማግሌውን የተሰነጠቀ ፊት አየ፤ ያበጠውን ዓይን፣ ከጆሮው የሚወርደውን ደም። እሱን ለማዳን የከፈለውን ሁሉ በዝርዝር ያየ ይመስል ነበር።

እጁን ከፈተ።

ሳይለስ ወጣና እንደታነቀ ውሻ ድምፅ አሰማ። ዳር ላይ በሆዱ ተኝቶ ወንዙን ሲተፋ፣ ኤፊ የጠራቻቸው ሁለት ፖሊሶች ደረሱ። ሲያነሡት ቡጢውን ጨበጠ፤ የሚመታው ሰው ፈልጎ ወዲያና ወዲህ አየ፤ መቆም ግን አቅቶት በብብቱ ይዘው ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ አሞስና ዊልፍ በሐኪም ቤቱ ረጅም አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። የአንዱ ራስ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የሌላው እጅ። ሐኪሙ ለአሞስ ቀኝ ጆሮው ከእንግዲህ እንደማይሰማ ነግሮታል። በወረቀት ጽፎ ነው የነገረው፤ ደወሉ ሌላውንም ሸፍኖት ስለነበር። አሁን ግራው ትንሽ ተከፍቷል።

ኤፊ በሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ አድርጋ ጠገራውን አመጣችው። «ያ ጃንጥላ ያለው ሁለት መቶውን እከፍላለሁ ብሏል፤ ሰኞ ድረስ ይጠብቃል። አፍሯል መሰለኝ፤ ሻይ ሳይጠጣ ከፍሎ ሄደ።»

ዊልፍ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ረጅም ሰዓት አየው።

«አበላሽቼዋለሁ፣ ሚስተር ፕሪድሞር?»

አሞስ የቀሩትን ጥርሶቹን በምላሱ ዳሰሰ። ለአንድ ቀን አንድ ውሸት ይበቃዋል።

«አዎ፣ ዊልፍ። አበላሽተኸዋል።»

«ሰባት መቶ?»

«ሰባት መቶ።»

«እማዬ ሁሉንም ነገር ነበር የምትወለውለው።»

«አውቃለሁ። ማንም አልነገራትም። ላንተም ማንም አልነገረህም።»

ዊልፍ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ስለ ገንዘቡ አልጠየቀም።

አሞስ ከኪሱ እርሳሱን አወጣ፤ ውኃ ጠጥቶ ተሰንጥቋል። ጠገራውን በግራ ጣቱ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ጠርዙን መታ አደረገ፤ ራሱንም እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ምንም የለም። ፋሻና ደወል ብቻ። እጁ በአየር ላይ ቀረ።

«ና፣ አንተ ስማልኝ» አለው።

ዊልፍ ጆሮውን አስጠጋ። አሞስ ደግሞ መታው። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። አግዳሚው ላይ የነበሩ በሽተኞች እነዚህ ሁለት ሰዎች ምን እንደነካቸው ገርሟቸው ያያሉ።

«እህስ? ምን ይላል? ያስላል?»

«ዝም ይበሉ» አለ ዊልፍ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ገና አልጨረሰም።»